ለሴራሚክ፣ ለፖርስሊንና ለድንጋይ የትኛው ፑንታ ይሻላል?

የመታጠቢያ ቤት መስታወት ለመስቀል ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያስፈልገኝ ነበር። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ መስሎኝ ጀመርኩ። ሲመሽ ሦስት ፑንታ (የድሪል መብሻ ጫፍ) ከጥቅም ውጭ ሆኖ፣ ግድግዳው ላይ የቀረው ውጤት አንድ የተቧጨረ ነጥብ ነበር። የመጀመሪያው ፑንታ ለኮንክሪት የሚሆን ስለነበር ገጹ ላይ ከመንሸራተት አላለፈም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ማሸጊያቸው ላይ በትልልቅ ፊደል «አልማዝ» የሚል የተጻፈባቸው ናቸው። እነርሱን በደረቁ፣ ድሪሉ በሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት፣ በሙሉ ክብደቴ ተደግፌ ተጫንኳቸው። ጫፋቸው ቀላ፣ ጠቆረ፣ በመጨረሻም እንደ ተራ የብረት ቱቦ ለሰለሰ። ያን ቀን የረገምኩት ሻጩን ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ጥፋቱ የእኔ ነው። የምበሳው ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ አልማዝ እንዴት እንደሚሠራም አላወቅኩም።

ፑንታ ከመምረጥ በፊት እነዚህን ሁለት ነገሮች ማወቅ ይቀድማል።

ከፊታችሁ ያለው ምንድን ነው?

በአማርኛ ግድግዳና ወለል ላይ የሚለጠፈውን ሁሉ «ሴራሚክ» ማለት ለምደናል። ለፑንታ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ተራው የግድግዳ ሴራሚክ ከሸክላ የተጋገረ፣ ከላይ መስታወታማ ልባስ ያለው፣ ውስጡ ግን ለስላሳና ውሃ የሚመጥ ነው፤ ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ውሃ ሊመጥ ይችላል። ፖርስሊን ደግሞ ይበልጥ በጠራ ጭቃ፣ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት የሚሠራ በመሆኑ የሚመጠው ውሃ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። በዓይን ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፤ ለፑንታ ግን አንዱ ብስኩት፣ ሌላው ዓለት ነው።

የተረፈ ቁራጭ ካላችሁ መለየቱ ቀላል ነው። ጀርባው ላይ የውሃ ጠብታ አኑሩበት። ቶሎ ከመጠጠው ሴራሚክ ነው፤ ጠብታው እንደ ዶቃ ተቀምጦ ከቆየ ፖርስሊን ነው። የተሰበረውን ጠርዝ ማየትም ይረዳል፤ ቀይ ወይም ሻካራ ነጭ ውስጥ ሴራሚክን፣ ጥቅጥቅ ያለና ለስላሳ ውስጥ ፖርስሊንን ያመለክታል። ንጣፉ አስቀድሞ ከተለጠፈ ከማብሪያ ማጥፊያ ክዳን ወይም ከቧንቧ መሸፈኛ ቀለበት ጀርባ የተቆረጠ ጠርዝ ይገኛል።

ይህም ካልተቻለ እኔ የምሠራበት ርካሽ ፈተና አለ። በጦር ቅርጽ የተሳለ የካርባይድ (ከተንግስተንና ከካርቦን የሚሠራ በጣም ጠንካራ ቁስ) ፑንታ በዝቅተኛ ፍጥነት ለግማሽ ደቂቃ ያህል አሽከርክሩ። ዱቄት እየወጣ ጉድጓዱ ከጠለቀ ሴራሚክ ነው፤ ቀጥሉ። የሚያበራ ነጥብ ብቻ ካተረፋችሁ ፖርስሊን ነውና ወዲያውኑ አቁሙ። መጫን መጨመር ፑንታውን ከመግደል ሌላ ትርፍ የለውም።

ለድንጋይ ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሪድሪክ ሞህስ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጣው የጥንካሬ መለኪያ ዛሬም ይጠቅማል። ከ1 እስከ 10 ይሄዳል፤ አልማዝ 10 ነው። እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ 3 አካባቢ ናቸው፤ ግራናይት ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ነው። ተራ መስታወት 5.5 ገደማ፣ ካርባይድ ደግሞ 9 አካባቢ ይቀመጣሉ። በቢላዋ ጫፍ የሚቧጨር ድንጋይ ለካርባይድም ይንበረከካል፤ ቢላዋ የማይነካው ግን የአልማዝ ድርሻ ነው። መለኪያው ደረጃን እንጂ ርቀትን እንደማይናገር አትርሱ። ከ9 ወደ 10 ያለው እርምጃ ከ8 ወደ 9 ካለው እጅግ ይሰፋል። ስለዚህ 9 የሆነው ካርባይድ 7 ላይ ሲደክም ብታዩ አትገረሙ፤ ሹል ጠርዙን በአንድ ቀዳዳ የሚያጣ መሣሪያ ቁጥሩ አያድነውም።

አልማዝ አይቆርጥም፤ ይፈጫል

የብረት ፑንታ ስለታም ጠርዝ አለው፤ እየላጠ ይሄዳል። የአልማዝ ፑንታ ጠርዝ የለውም። ጫፉ ላይ በጥቃቅን የአልማዝ ቅንጣቶች የተሞላ ቀለበት አለ፤ እያንዳንዱ ቅንጣት ከፊቱ ያለውን በጥቂቱ እየቧጨረ ዱቄት ያደርገዋል። እንደ ወፍጮ ማለት ነው። የቀረው ሕግ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። መፍጨት ሙቀት ያመጣል፤ ሙቀቱ ካልወጣ ቅንጣቱን የያዘው ብረት ይላላል፤ አልማዙም ራሱ አየር ባለበት ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ መቃጠል ይጀምራል፤ ካርቦን ነውና። መፍጨት ዱቄትም ያመጣል፤ ዱቄቱ ካልወጣ ፑንታው የሚፈጨው አዲስ ድንጋይ ሳይሆን የራሱን ጭቃ ይሆናል።

የድሪሉን የመዶሻ ምት ማጥፋት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ምቱ አልማዙን ከመያዣው ይነቅለዋል፤ ንጣፉንም ይሰነጥቀዋል። በዚህ ጉዳይ ልዩ ሁኔታ የለም።

እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር የአልማዝ ፑንታ ለማንም ተራ ሠራተኛ መድረሱ ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1955 ሰው ሠራሽ አልማዝ ማምረት መቻሉን ባያስታውቅ ኖሮ ለመስታወት መስቀያ ቀዳዳ አልማዝ መጠቀም የንጉሥ ቅንጦት ይሆን ነበር።

ካርባይድ የሚበቃበት ጊዜ

አልማዝ የተሻለ ስለሆነ ብቻ ሁልጊዜ አልማዝ ግዙ የሚል ምክር አልወድም። ለስላሳ የግድግዳ ሴራሚክ ላይ ለፎጣ መስቀያ ሁለት ወይም አራት ቀዳዳ ለሚበሳ ሰው የጦር ቅርጽ ያለው የካርባይድ ፑንታ ይበቃዋል። ርካሽ ነው፣ ሹል ጫፉ የተነሳበትን ነጥብ አይለቅም፣ ጥቂት ውሃ ከተንጠባጠበለት ቀዳዳው ንጹሕ ይወጣል። ተራ መስታወትንና እብነ በረድንም ይበሳል። አራት ጠርዝ በመስቀል የተሳለው ዓይነት ከባለ ሁለት ጠርዙ ይልቅ የተረጋጋ ነው።

ድክመቱ ሁለት ነው። ከ12 ሚሊሜትር በላይ ለሆነ ቀዳዳ አይመችም። ፖርስሊንና ግራናይት ላይ ደግሞ አንዳንዴ የመጀመሪያዋን ቀዳዳ ያወጣል፤ ሁለተኛዋ ላይ ግን የደነዘዘ ዘንግ ይሆናል። የኮንክሪት ፑንታ ከካርባይድ ቢሠራም ከዚህ ጋር አይምታታ። እርሱ ለመምታት የተሳለ እንጂ ለመላጥ የተሳለ አይደለም። ስፍራው ከንጣፉ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው።

ሦስት ዓይነት አልማዝ፦ የተለበጠ፣ የተበየደ፣ የተጋገረ

ማሸጊያው ላይ «አልማዝ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ሁሉም ላይ አለ። መጠየቅ ያለበት አልማዙ ከብረቱ ጋር በምን ተያዘ የሚለው ነው፤ የዋጋውም የዕድሜውም ልዩነት ከዚያ ይመጣል።

የተለበጠው በጣም የተለመደውና ርካሹ ነው። በኤሌክትሪክ ኃይል በኒኬል ሲለበጥ አንድ ንብርብር የአልማዝ ቅንጣት አብሮ ይያዛል። አንድ ንብርብር መሆኑን ልብ በሉ፤ ያች ንብርብር ስታልቅ ፑንታውም አለቀ፣ የሚሳል ነገር የለውም። አዲስ ሲሆን ግን ቅንጣቶቹ ወጣ ብለው ስለሚታዩ ፈጣን ነው፣ መስታወትና ሴራሚክ ላይም ጠርዙ የጠራ ቀዳዳ ይሰጣል። በውሃ ብቻ ነው የሚሠራው። የእኔን ሁለት ፑንታዎች ያቃጠልኳቸው የተለበጡ ሆነው ሳለ በደረቁ ስለሠራሁባቸው ነው። ለሴራሚክ ብዙ ቀዳዳ፣ ለፖርስሊን ጥቂት ቀዳዳ ያገለግላል። በአንድ ሳጥን ከ6 እስከ 50 ሚሊሜትር ተደርድረው የሚሸጡት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። ከሳጥኑ ውስጥ ሁለቱን ትጠቀሙባቸውና የቀሩት ያረጃሉ፤ የሚያስፈልጋችሁን ልክ ለይታችሁ ሁለት ሁለት መግዛት ይሻላል።

የተበየደው አየር በወጣለት ምድጃ ውስጥ በቀለጠ ብረት አማካይነት አልማዙ ከአካሉ ጋር የሚጣበቅበት ነው። እርሱም አንድ ንብርብር ብቻ አለው፤ ግን መያዣው ከኒኬል ልባጭ በብዙ ይጠነክራል፣ ቅንጣቶቹም ትልልቅና ጎላ ያሉ ናቸው። ሙቀት ስለሚችል ብዙዎቹ በደረቁ እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው። አንዳንዶቹ ሆዳቸው ውስጥ ሰም አለባቸው፤ ሲግሉ ሰሙ እየቀለጠ ያቀዘቅዛቸዋል። ግራይንደር (የእጅ መቁረጫና መሞረጃ ማሽን) ላይ የሚታሰሩ ኤም 14፣ ማለትም 14 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የማሰሪያ ጥርስ ያላቸውም የዚህ ወገን ናቸው። ፖርስሊን ላይ የቧንቧ ቀዳዳ ለማውጣት እስካሁን ካየሁት ሁሉ ፈጣኑ ይህ ነው፤ ደቂቃም ላይፈጅ ይችላል። ጠርዙን ግን ከተለበጠው ይልቅ ትንሽ ያሻክራል። ሽፋን በሚያርፍበት የቧንቧ ቀዳዳ ግድ የለም፣ ጠርዙ በሚታይበት ግን ልብ ይባል።

የተጋገረው ሌላ ፍጥረት ነው። የአልማዝ ቅንጣትና የብረት ዱቄት ተደባልቀው በሙቀትና በግፊት ይጋገራሉ፤ ስለዚህ አልማዙ ገጹ ላይ ብቻ ሳይሆን እንደ ዳቦ ውስጥ ያለ ጥቁር አዝሙድ በመላው ጫፍ ተሰራጭቷል። ላይኛው ሲያልቅ ብረቱ ይበላና ከሥር አዲስ አልማዝ ይወጣል። ዕድሜው ረጅም ነው፤ ግራናይት ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ዋጋው ይመለሳል። ውሃ ይፈልጋል፤ አጀማመሩም ዘገምተኛ ነው።

የተጋገረውን የሚገዛ ሰው ማወቅ ያለበት፣ ግን ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። በጣም ጠንካራ ድንጋይ ለስላሳ መያዣ ብረት ይፈልጋል፤ ለስላሳና አሸዋማ ድንጋይ ደግሞ ጠንካራ መያዣ ይፈልጋል። ተገላቢጦሽ ይመስላል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፦ ጠንካራው ድንጋይ አልማዙን ያደነዝዘዋል እንጂ መያዣውን አይበላም፤ ስለዚህ መያዣው ለስላሳ ካልሆነ የደነዘዘው አልማዝ ተጣብቆ ይቀራል። አሸዋማው ድንጋይ መያዣውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሚበላው ለስላሳ ከሆነ ያልደነዘዘ አልማዝ ያለጊዜው ይረግፋል። ሥራ ላይ ሳላችሁ የተጋገረ ፑንታ መብሳት ካቆመና ጫፉ እንደ መስታወት ከለሰለሰ አትጣሉት። ያረጀ ጡብ ወይም አሸዋማ ድንጋይ ውስጥ በውሃ ጥቂት ብታሽከረክሩት ብረቱ ተፍቆ አዲስ አልማዝ ይወጣል። ይህን መላ በተለበጠው ላይ ከሞከራችሁት ግን ያለችውን አንድ ንብርብር ራሳችሁ አራገፋችኋት ማለት ነው።

ውሃ፣ ፍጥነትና እጅ

ከምርጫው በኋላ ፑንታውን የሚያኖረው ወይም የሚገድለው አያያዝ ነው። ውሃው ብዙ መሆን የለበትም፤ ያለማቋረጥ መኖር አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፤ ጫፉ ከቀላ በኋላ ውሃ ማፍሰስ ጉዳቱን ያፋጥናል እንጂ አይመልሰውም። ወለል ላይ ከሆነ በቀዳዳው ዙሪያ በስቱኮ ትንሽ ግድብ ሠርቶ ውሃ መሙላት ይቻላል። ግድግዳ ላይ ረዳት በመርጫ ጠርሙስ ይርጭ፤ ብቻችሁን ከሆናችሁ የራሰ ስፖንጅ ከቀዳዳው በላይ ያዙና እየጨመቃችሁ ሥሩ። ውሃና ገመድ ያለው ድሪል ስለማይዋደዱ በባትሪ የሚሠራውን እመርጣለሁ።

ፍጥነቱ እንደ ፑንታው ስፋት ይለያያል። የ60 ሚሊሜትር ፑንታ ጠርዝ በአንድ ዙር የሚጓዘው ርቀት ከ6 ሚሊሜትሩ አሥር እጥፍ ነው፤ በአንድ ዓይነት ዙር ሲሽከረከሩ የሚግሉት እኩል አይደለም። እኔ ለ6 ሚሊሜትር የተለበጠ ፑንታ በደቂቃ ከ1,000 እስከ 1,500 ዙር፣ ለ30 ሚሊሜትር 500 ገደማ፣ ለ60 ሚሊሜትር ከ300 ያልበለጠ እጠቀማለሁ። አምራቹ ሌላ ቁጥር ከጻፈ የእርሱን ተከተሉ። የግራይንደር ፑንታዎች ከዚህ ሂሳብ ውጭ ናቸው፤ እነርሱ የተሠሩት ለግራይንደር ፍጥነት ነው። በእነርሱ ስትሠሩ እጃችሁን በትንሹ እያዞራችሁ ማወዛወዝ ዱቄቱን ያስወጣል፤ ሳትደገፉ በየጥቂት ሰከንዱ አውጥታችሁ አሳርፏቸው።

መሃሉ ክፍት የሆነ የአልማዝ ፑንታ የሚያቆመው ሹል ጫፍ ስለሌለው ሲጀመር ይንሸራተታል፤ ንጣፉንም ይቧጭራል። በ45 ዲግሪ አዘንብሎ መጀመርና የጨረቃ ግማሽ የመሰለ ጭረት ሲወጣ ቀስ እያሉ ማቃናት አንዱ ዘዴ ነው። ልምድ የሌለው ሰው ግን ቀዳዳ ያለው ጣውላ ይያዝና በእርሱ ውስጥ ይጀምር። የወረቀት ፕላስተር መለጠፍ ለካርባይድ ፑንታ ጥሩ ነው፤ ለአልማዝ ግን ያን ያህል አይረዳም።

እየበሳችሁ ሳለ በየጊዜው ወጣ መለስ አድርጉት፤ ውሃው የሚገባው ያኔ ነው። ጀርባው ሊደርስ ሲል ግፊቱን ቀንሱ። ንጣፍ የሚፈነጨረው በአብዛኛው በመጨረሻው ሚሊሜትር ላይ ነው። ያልተለጠፈ ቁራጭ ከሆነ ከሥሩ እኩል የሚያርፍ እንጨት ወይም ጠንካራ ስፖንጅ ይደረግ።

በድንጋዮች መካከል

እብነ በረድ ለመበሳት ቀላል፣ ለማቆሸሽ ደግሞ ከዚያ ይቀላል። ከመብሳታችሁ በፊት ዙሪያውን በንጹሕ ውሃ አርሱት፣ ጭቃው እንዳይመጠጥ ወዲያው ወዲያው አጥቡት፤ ከብረት የመጣ የዝገት ውሃ ደግሞ አታስነኩት። ግራናይት የተበየደ ወይም የተጋገረ ፑንታ ይፈልጋል፤ የተለበጠው ጥቂት ቀዳዳ አውጥቶ ይደክማል። ንብርብር የሆነው ስሌት የሚባለው ድንጋይ ከጀርባው በቅርፊት ስለሚላጥ ድጋፍ ያስፈልገዋል፣ ቢቻል ከሁለቱም ወገን ይበሳ። በሙቀት የጠነከረ መስታወት ግን ምንም ፑንታ አይነካውም፤ አንዴ ከተነካ በሙሉ ይረግፋል፣ ቀዳዳው የሚወጣው ከመጠንከሩ በፊት ነው።

በኳርትዝ ዱቄትና በሙጫ የሚሠራው የኩሽና ጠረጴዛ ድንጋይ የሚያስጠነቅቀኝ በጥንካሬው አይደለም። አብዛኛው ዓይነት ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ (ዱቄቱ ሳንባ የሚጎዳ፣ ኳርትዝ የተሠራበት ቁስ) ነው፤ አውስትራሊያ በሠራተኞች ሳንባ ላይ ባደረሰው ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ መጠቀሙን አግዳለች። ግራናይትና ፖርስሊንም ሲሊካ አላቸው። ውሃ ዱቄቱን ስለሚይዘው የተለበጠው ፑንታ ውሃ መጠየቁ ለሳንባም ይበጃል። በደረቅ የምትበሱ ከሆነ ትክክለኛ የአቧራ ጭምብልና ቀዳዳው ላይ የተያዘ የአቧራ መምጠጫ ያስፈልጋል፤ የጨርቅ ጭምብል ለዚህ አይሆንም።

ከንጣፉ በኋላ

ንጣፉ ተበስቶ ፑንታው ግድግዳው ላይ ሲደርስ አልማዙን አውጡና ወደ ኮንክሪት ፑንታ ቀይሩ፤ መዶሻውም የሚበራው ያኔ ነው፣ ለዚያውም ፑንታው የንጣፉን ቀዳዳ ጠርዝ የማይነካ ከሆነ ብቻ። ስለዚህ የንጣፉን ቀዳዳ ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ ከሚይዘው የፕላስቲክ ፊሸር አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር አሰፋዋለሁ። ፊሸሩም አንገቱ ከንጣፉ ውፍረት አልፎ ግድግዳው ውስጥ መቀመጥ አለበት። ብሎኑ ሲጠብቅ ፊሸሩ ይለጠጣል፤ ንጣፉ ውስጥ ከተለጠጠ ይሰነጥቀዋል። በደንብ የተበሳ ፖርስሊን ከሳምንት በኋላ ተሰንጥቆ ካያችሁ ፑንታውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ።

ቦታውን ስትመርጡ ከንጣፉ ጠርዝና ማዕዘን ራቁ። በሁለት ንጣፎች መጋጠሚያ ላይ መብሳት ለመጠገን ይቀላል የሚሉ አሉ፤ ቀዳዳው ከመጋጠሚያው ስለሚሰፋ የሁለቱንም ጠርዝ መንካት አይቀርምና እኔ ወደ ንጣፉ መሃል እጠጋለሁ። ከቧንቧና ከማብሪያ ማጥፊያ በላይና በታች ቀጥታ ያለው መስመር ላይ ደግሞ ጀርባው ሳይፈተሽ አይበሳም።

አሁን የመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ያሉት ጥቂት ናቸው፦ ለሴራሚክ አንድ 6 እና አንድ 8 ሚሊሜትር የካርባይድ ጦር፣ ለፖርስሊን እነዚሁኑ ልኮች የተበየዱ፣ ለቧንቧ አንድ 35 ሚሊሜትር የግራይንደር ፑንታ። የተጋገረ የለኝም፤ ግራናይት የሚያሠራኝ በዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥምና። የተለበጠ የምገዛው ለመስታወትና ጠርዙ ለሚታይ ሴራሚክ ነው፤ ከመጠቀሜ በፊትም ጫፉን በጣቴ እዳስሰዋለሁ። ዙሪያውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ካልሻከረኝ፣ አንድ ቦታ ላይ እንኳ ብረት ከለሰለሰብኝ፣ ያን ፑንታ ግድግዳ አላስነካውም።